ነቢዩ ሲጠይቅ መልስ አይጠብቅም፦ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን አሰምቶ ዘይቤውን፣ ማለትም የቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም፣ ይፈታል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ያሰፋል። ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ጥንታዊ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን ንባቡንና ፍቺውን አንድ ላይ ይደፈጥጣቸዋል። አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፍቺውን ንባቡ ውስጥ መክተት ነው። ሐና በ1ኛ ሳሙኤል 2፥1 ቀንዷ ከፍ ከፍ ማለቱን ስትናገር ቀንድ ኃይልና ክብር መሆኑን መምህሩም ያውቃል። ሆኖም ንባቡን አይፍቅም፤ ከጎኑ ይፈታዋል። «ኃይሌ በረታ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ በሬ ሲዋጋ ላየ ሰው የተሰጠውን ሥዕል ነጠቀው። ፍቺው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ይግባ።

ተቃራኒውም አለ፤ ቃል በቃል መገልበጥ። በ1ኛ ሳሙኤል 24፥3 ዕብራይስጡ ሳኦል «እግሩን ሊሸፍን» ወደ ዋሻ ገባ ይላል። እንዲሁ ቢተረጎም የጎንደር አንባቢ ንጉሡ ጋቢ ደርቦ ሊያሸልብ የገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የጨዋ አነጋገር ነው፤ እኛ «ሜዳ መውጣት» እንደምንለው። «ሜዳ ሊወጣ ዋሻ ገባ» ግን ያስቃልና «ሊጸዳዳ» ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው መልስ የማይሻውን ጥያቄ እንደ ተራ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ኤርምያስ 13፥23 «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ይላል። «በውኑ» አርጅቷል ተብሎ ሲጣልና «ኢትዮጵያዊ መልኩን መለወጥ ይችላል?» ሲባል፣ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ጥያቄ ይመስላል። «በውኑ» ካልተወደደ «ከቶ» አለ፤ «እንዴት ብሎ» አለ። ደግሞም ጥያቄውን ከግማሽ መቁረጥ አይገባም። እኛ ይህን ጥቅስ የጽናት መፈክር አድርገነዋል፤ ነቢዩ ግን ይሁዳን እየወቀሰ ነበር። ነብር ዝንጉርጉርነቱን ከለወጠ ክፋት የለመዳችሁት እናንተም በጎ ትሠራላችሁ ማለቱ ነው። ተከታዩ ሐረግ ከሌለ ተግሣጹ ውዳሴ ይሆናል።

አንዳንዱ ጥያቄ የሚጠብቀው «የለም»ን ሳይሆን «አዎ»ን ነው። ግእዝ «አኮኑ» (አይደለምን) ሲል አድማጩ «ነው እንጂ» እንዲል ይፈልጋል። ማቴዎስ 6፥25 ነፍስ ከምግብ አትበልጥምን ሲል መብለጧን እየተናገረ ነው። አሉታውን የጣለ ተርጓሚ እርግጡን ጥርጥር ያደርገዋል።

ይህን ፈርተው ጥያቄውን ሁሉ ወደ ዐረፍተ ነገር የሚለውጡም አሉ። ኢዮብ 38፥4 «ምድርን ስመሠርት አንተ አልነበርህም» ከተባለ ዜና ሆነ፤ «የት ነበርህ?» ሲባል ግን ያሸማቅቃል። ደግሞስ «ምን አገባህ?» ሲባል ዝርዝር መልስ የሚያቀርብ አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው?

የመጨረሻው የቅኔ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ስህተት ነው፤ በየስንኙ ሰምና ወርቅ መፈለግ። ዕብራይስጥ ግጥም አንዱን ሐሳብ በሁለት መልክ መድገም ይወዳል። ኢዮብ 6፥5 የሜዳ አህያ ሣር እያለው ይጮኻልን፣ በሬስ ገለባ እያለው ይጮኻልን ሲል አህያውና በሬው ሁለት ምሥጢር አይደሉም። ትርጉሙን ለአንድ የአዘዞ ገበሬ ጮክ ብለው ያንብቡለት። «ጠግቦማ ምን ያስጮኸዋል?» ካለ ኢዮብ ያለ ምክንያት እንዳልጮኸ ገብቶታል። «የትኛው አህያ?» ካለ ግን ዐረፍተ ነገሩ እንደገና ይሠራ።