የጃፓን ጌጥ ተክል ግቢያችሁ ውስጥ እምቢ ሲላችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የጃፓን ተክል አስቸገረን የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚሮጡት መድሃኒት ፍለጋ ነው፤ ግን አብዛኛው ችግር በሽታ አይደለም፣ ተክሉ የማይስማማው ቦታ ላይ ነው የተተከለው። ስለዚህ የሚረጭ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ጸሃዩንና አፈሩን እዩ።

የሜፕሉ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ እየደረቀ ነው

ይሄ በብዛት የከሰዓት ጸሃይና ደረቅ ንፋስ ነው። የጃፓን ሜፕል (ለቅጠሉ ውበት የሚተከለው ዛፍ) ሥሩ ወደታች ብዙ አይጠልቅም፣ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ቶሎ ውሃ ያጥረዋል፣ በተለይ ቅጠላቸው እንደ ዳንቴል የተሰነጣጠቀው ዓይነቶች ይብስባቸዋል። የጠዋት ጸሃይ ከሰዓት ደግሞ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ምረጡለት፣ ዙሪያውን ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። የተቃጠለው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ አዲስ እስኪያወጣ ጠብቁ እንጂ ደህና ይሆናል ብላችሁ ማዳበሪያ አትጨምሩበት። ሙሉ ጥላ ውስጥም አትክተቱት፣ እንደ ብለድጉድ ያሉት ቀያዮቹ ቀለማቸው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

ሌላው ደህና ሆኖ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ድንገት ከጠወለገ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እንጨቱን ከውስጥ እዩት፣ ጠቆር ያለ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካለው ቬርቲሲሊየም የሚባለው በአፈር የሚኖር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። መድሃኒት የለውም፤ የደረቀውን ቁረጡ፣ መቀሱን አጽዱ፣ ዛፉ ከሞተም እዛው ቦታ ሌላ ሜፕል አትትከሉ።

ደሞ ሜፕል በአመት ውስጥ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት የብርድ ወቅት ይፈልጋል። አካባቢያችሁ አመቱን ሙሉ ሞቃት ከሆነ ከሱ ጋር አትታገሉ፣ ዘንባባ የሚመስለው ሳጎ ፓልም ከደቡብ ጃፓን ስለሆነ ሙቀት ይስማማዋል። ውሻ ካላችሁ ግን እሱንም ተዉት፣ መርዛማ ነው፣ ፍሬው ደሞ ይብሳል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ስሩ ብቻ አረንጓዴ ቀረ (አዛሊያና ካሜሊያ የሚባሉት የአበባ ቁጥቋጦዎች)

አፈሩ አሲዳማ ስላልሆነ ብረት መውሰድ አቅቶታል ማለት ነው። እነዚህ ከ4.5 እስከ 6 አካባቢ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ይወዳሉ፣ ከሲሚንቶ ግድግዳ ስር ሲተከሉ ወይም ኖራ የበዛበት ውሃ ሲጠጡ ይሄ ምልክት የተለመደ ነው። ቺሌትድ አይረን (ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው የተዘጋጀ ብረት) ብትሰጡት ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል ግን ጊዜያዊ ነው፣ ሰልፈር (ድኝ) አፈሩን ይቀይራል ግን ወራት ይፈጃል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻላችሁ በጣም ይረዳል። አፈሩ በጣም ኖራማ ከሆነ ግን የኔ ምክር ማሰሮ ውስጥ በአሲዳማ አፈር ትከሉት ነው፣ መሬቱን ለመቀየር መልፋት አያዋጣም። በነገራችን ላይ ቢጫነቱ የጀመረው ከታች ካሉት ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ከሆነና ቅጠሉ ሙሉውን ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፣ አታምታቱት።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም

መቀስ ነው ተጠርጣሪው። አዛሊያና የተለመደው ትልልቅ አበባ ያለው ሃይድሬንጃ የሚቀጥለውን አበባ ቀድመው ባደጉ ቅርንጫፎች ላይ ነው የሚይዙት፣ ዘግይታችሁ ከከረከማችሁ አበባውን ነው የቆረጣችሁት። አበባው እንዳለቀ ወዲያው ከርክሙ። ካሜሊያ እምቡጥ ይዞ የሚያራግፍ ከሆነ ደግሞ እምቡጡ በሚሰራበት ጊዜ ውሃ ተጠምቷል፣ አበባው ገና ወራት ሲቀሩትም አፈሩ እርጥብ እንዲሆን አድርጉ።

ዊስቴሪያ የሚባለው ሐረግ ከዘር ከበቀለ 10 አመትና ከዛ በላይ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፣ ግራፍት የተደረገ (በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀለ)፣ ከተቻለ አበባ ይዞ ያያችሁትን ግዙ።

ቀርከሃው ጎረቤት ገባ

ሯጭ ዝርያ ነው የገዛችሁት። ፊሎስታኪስ የሚባሉት በመሬት ውስጥ በሥር ግንድ እየተጓዙ ነው የሚወጡት፣ ከላይ መቁረጥ ብቻ አያቆማቸውም። ከ60 እስከ 75 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ መከላከያ ዙሪያውን ቅበሩ፣ ጫፉ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይቅር፣ አለዚያ ሥሩ በላዩ ይሻገራል፣ በየአመቱም ጠርዙን ዞራችሁ የዘለለውን ቁረጡ። ገና ካልገዛችሁ ደግሞ ሻጩን ይሮጣል ወይስ ባለበት ይሰበሰባል ብላችሁ ጠይቁት፣ በትክክል ካልመለሰላችሁ አትግዙት።