ጄራኒየም በዘይት ጀሪካን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው። ያለኝ በረንዳና ባዶ የዘይት ጀሪካን ብቻ ነው። ለጄራኒየም አበባ ግን ይበቃል።

ጎንደር ደጋማ ናት፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ጄራኒየም ይህን ይወዳል። ዘር መግዛት አያስፈልግም፣ ጎረቤት ጠይቁ። «እትዬ፣ አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ?» ብዬ እምቢ ያለችኝ የለችም።

ጤነኛና ያላበበ ቅርንጫፍ ምረጡ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከአንጓው ሥር በስለታም ቢላ ቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን አንሱ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ይቅሩ። ወዲያው አትትከሉት! ጥላ ውስጥ ይደር፣ ቁስሉ ይድረቅ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ትኩሳቸውን ተከልኳቸው። በሳምንቱ ግንዳቸው ከታች ጠቁሮ፣ ስነካው እንደ በሰለ ሙዝ ለሰለሰ። በጣም አዘንኩ።

ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን አጋማሹ ላይ ቁረጡና በሳሙና እጠቡት። ታቹን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚይዝ ብቻውን አይሆንም፤ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ ቀላቅላችሁ ሙሉና ቅርንጫፉን ትከሉበት።

ውሃ የምታጠጡት ጣታችሁን አስገብታችሁ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ሥር ይሰዳል። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አውጡትና ጫፉን ቀንጥቡት፤ ወደ ጎን ይሰፋል። ክረምት ሲገባ ከጣራው ሥር አስጠጉት። ሐምሌ ላይ ደጅ የተረሳ ጄራኒየም ሥሩ ይበሰብሳል።