ለቀድሞ ዘመን ሞተር ብስክሌት ተተኪ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

የቀድሞ ዘመን ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ጎማ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በጥርሱ መልክ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ጎማ እንደሚስማማ የሚወስነው ቸርኬው ስለሆነ፣ አስቀድሞ መለካት ያለበት የቸርኬው ስፋት ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ሆንዳ ሲቢ750 እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፋብሪካው ከፊት 3.25-19፣ ከኋላ 4.00-18 ጎማ የገጠመለት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ቸርኬዎቹ ግን ጠባቦች ናቸው፤ የፊቱ 1.85፣ የኋላው 2.15 ኢንች ብቻ ይሰፋል። ዛሬ ብዙዎቹ ጎማዎች በሚሊሜትር ስለሚለኩ፣ ለፊቱ 90/90-19፣ ለኋላው 110/90-18 ተቀራራቢ ምትክ ይሆናሉ፤ እዚህ ላይ መካከለኛው ቁጥር የጎማው ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያመለክታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሰፊ ጎማ መሬት የበለጠ ይይዛል ብሎ 130 ሚሊሜትር የሚሰፋ ጎማ በዚያ ጠባብ ቸርኬ ላይ ያስገጠመ ሰው፣ የጎማው ጎኖች ወደ ውስጥ ስለሚሳቡና መሃሉ ስለሚሾል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብበታል፤ መሪውም በኩርባ ላይ እንግዳ ጠባይ ያመጣል። ጎማው የካቴናውን መሸፈኛ መፋቁም አይቀርም ይሆናል። ከፊት በኩል ደግሞ የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በፊተኛው እግር ዙረት ስለሆነ፣ ቁመቱ የተለየ ጎማ ንባቡን ያዛባዋል።

ራዲያል ጎማ፣ ማለትም ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበት፣ ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም፤ ይህ ሞተር የተነደፈው ክሮቹ በሰያፍ ለተደራረቡበት ጎማ ነው፤ ሁለቱን ዓይነት ከፊትና ከኋላ ማደባለቅም ተገቢ አይደለም። የፍጥነት ደረጃውን የሚያሳየው ፊደል ከፋብሪካው ማነስ የለበትም፤ ለዚህ ሞተር ኤች፣ ማለትም በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ነው።

ስፖክ ያለው ቸርኬ ስፖኮቹ በገቡባቸው ቀዳዳዎች አየር ስለሚያሾልክ፣ ጎማው ቲዩብለስ (ያለ ውስጥ ጎማ እንዲሠራ የተዘጋጀ) ቢሆን እንኳ የውስጥ ጎማ ይፈልጋል። ጎሚስታው አሮጌውን የውስጥ ጎማ መልሶ እንዲያስገባ አይፍቀዱለት፤ ተለጥጦ ስለቆየ ይታጠፍና በታጠፈበት በኩል ይቀደዳል። የስፖኮቹን ጫፍ የሚሸፍነውን የላስቲክ ጥብጣብም አብረው ይቀይሩ።

ከመክፈልዎ በፊት በጎኑ ላይ ከዶት (DOT) ምልክት ጋር የታተሙትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ ጥርሱ ምንም ያልተነካ ቢመስልም አይግዙት።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ በመልክ መምረጥ ነውር የለውም። ተወዳዳሪው ማልኮም አፕሂል በ1969 እ.ኤ.አ. ቲቲ በሚባለው የአይል ኦፍ ማን ደሴት የሞተር ብስክሌት ውድድር በትራያምፍ ቦነቪል በሰዓት ከ100 ማይል በላይ አማካይ ፍጥነት አንድ ዙር ካጠናቀቀ በኋላ ቲቲ100 የተባለው የደንሎፕ ጎማ፣ እኔ በግሌ ለዚያ ዘመን ሞተሮች ከሁሉ የሚያምር ይመስለኛል።

ሲገጠም በጎኑ ያለው ቀስት እግሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መመልከቱን ያረጋግጡ፤ አዲሱ ጎማ ልስልስ ገጹ እስኪገፈፍ ድረስም የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ፣ በኩርባ ላይ ብዙ ሳያጋድሉ ይንዱ።