ደመራን ለብቻ፦ መስቀል አደባባይ

መስከረም 16 ወደ አደባባዩ የሚያስገቡ መንገዶች ስለሚዘጉ በመኪና አይመኩ። ከሜክሲኮ ወይም ከአራት ኪሎ በእግር ይምጡ፤ ፍተሻው ሰልፍ ስላለው ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይድረሱ። ስለታም ነገርና ርችት አይያዙ። ነጠላ፣ ውኃ፣ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ ይበቃል። ስልክና ብር ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ለብቻ የመጣን ሰው ኪስ የሚጠብቅለት የለም።

ቦታ የሚመረጠው ደረጃዎቹ መሃል ላይ ነው። ፊት ያለው ሰው ይጋርዳል፣ ደመራው ሲለኮስም ሙቀቱና ጭሱ ያስቸግራል። ከመሃል ግን የሰንበት ተማሪዎቹ ሰልፍ ቅርጽ ሙሉ ይታያል።

ወረቡን፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የታጀበውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ በትዕግሥት ይከታተሉ፤ የዕለቱ ውበት እሱ ነው። መቋሚያው በዝግታ ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይከተላል፣ ከዚያ ከበሮው እየፈጠነ ጭብጨባው ይጨመራል። የመቺውን እጆች ይዩ፦ ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ይሰጣል።

ችቦው አመሻሽ ላይ ሲለኮስ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ቤተሰብ ጋ አስቀድመው ይደውሉ። የመሃሉ ምሰሶ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ሁሉም ይጠብቃል። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ግፊያ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ይውጡ።