አንድ ወታደር ይዞ እንዴት ይረታል

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ቼዝ ስትጫወቱ ሁለቱ ነገሥታትና አንድ ወታደር ብቻ ከቀሩ፣ ወታደሩን ለመግፋት አትቸኩሉ። ንጉሡ ይቅደም፤ ወታደሩ ከኋላ ይከተል።

ቦርዱ ላይ ይህን ደርድሩ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)፦ ነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ነጭ ወታደር ኢ2፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ6፤ ተራው የነጭ ነው። ነገሥታቱ አንድ ካሬ መሃል አድርገው ተፋጠዋል። በእንዲህ ያለ ፍጥጫ መንገድ የሚለቀው ተራው የደረሰው ወገን ነው። ስለዚህ ንጉሡን አትንኩ፤ ወታደሩን ወደ ኢ3 አንድ እርምጃ ብቻ ግፉ። አሁን ጥቁር የግዱን ይነቃነቃል። ዲ6 ከሄደ ንጉሣችሁ ኤፍ5 ይገባል፤ ኤፍ6 ከሄደ ዲ5። ወደ ኋላ ቢያፈገፍግም ፊት ለፊቱ ተከተሉት። ወታደሩ ቀድሞውኑ ኢ3 ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያቺ ትርፍ እርምጃ የለችም፤ ጥቁር በትክክል ከተከላከለ አቻ ነው። ብዙ ያለቀ ጨዋታ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ትርፏን እርምጃ ቀድሞ በማባከን።

ንጉሣችሁ ከወታደሩ ፊት ስድስተኛው ረድፍ ከደረሰ፣ ተራው የማንም ይሁን ትረታላችሁ።

ሌላው ስህተት፦ ነጭ ንጉሥ ዲ6፣ ወታደር ኢ6፣ ጥቁር ንጉሥ ዲ8 ሆኖ ወታደሩን ኢ7 ላይ በቼክ፣ ማለትም የጥቁርን ንጉሥ እያጠቃ፣ ማስገባት። ጥቁር ኢ8 ላይ ይቆማል፤ ወይ ወታደሩን ትጥላላችሁ፣ ወይ ንጉሣችሁ ኢ6 ሲገባ ጥቁር መሄጃ አጥቶ አቻ ይወጣል። ያለ ቼክ ሰባተኛው ረድፍ ሲገባ ነው የሚያሸንፈው።

የዳር ወታደር፣ ማለትም የኤ እና የኤች፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ተከላካዩ ንጉሥ ፊቱ ያለውን ጥግ ከያዘ አቻ ነው።