ልጅዎ ስለ ምርጫ እንዲያወራ ከፈለጉ፦ ከታኮማ ፓርክ (ማሪላንድ፣ አሜሪካ) የአንድ አባት ምክር

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ዝጉ። እኛ ቤት እሑድ ቡና ሲፈላ የሀገር ቤት ፖለቲካ ይነሣል፤ በረካው ሳይደርስ ወንድሜና የባለቤቴ ወንድም ይኳረፋሉ፣ ልጄ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ፖለቲካ አይገባትም እል ነበር። የሰለቻት ግን ጩኸታችን ኖሯል።

ከልጁ ጥያቄ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራው ቅጽ ሲመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። «ጥቁር» ከሚለው ሥር የትውልድ ሐረግ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ከተዘረዘሩት ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» ይገኛል። እሱን ጻፈችና «አባዬ፣ የቀበሌ መታወቂያህ ላይስ ምን ይል ነበር?» አለችኝ። ብሔር በሚለው መስመር ላይ ጸሐፊው የአባቴን ብቻ እንደሞላ፣ እናቴ ኦሮሞ መሆኗን ማንም እንዳልጠየቀኝ ነገርኳት። እስኪመሽ ስለ አያቶቿ ስትጠይቀኝ አመሸች። ማንነትን አትደብቁ፤ ቂሙን ግን ከስሙ ጋር አታውርሱ።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውንም እዚህ አታምጡት። በቀይ ሽብር ዘመን ልጅ ላሳደገች እናቴ ትክክል ነበር፤ ማሪላንድ ለተወለደች ልጅ ግን ፍርሃት ብቻ ነው።

ቀጥሎ በቅርብ ያለውን ምርጫ ያዙ። ታኮማ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የ16 ዓመት ልጆች በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳለች፤ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ይመርጣሉ። በ2024 እኔ በግሪን ካርዴ፣ ልጄ በ16 ዓመቷ፣ ሁለታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥን። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ይህ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ ለፌዴራል ምርጫ መመዝገብ ወይም መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከሀገር ሊያስባርርም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስለ መራጭነት የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነቡ አትፈርሙ።

በመጨረሻም ልጁ ያስተምራችሁ። እዚህ ዕጩዎችን በደረጃ ነው የምንመርጠው፤ እኔ አልገባኝም። ልጄ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ «አንደኛ ዶሮ ወጥ፣ ሁለተኛ ሽሮ፣ ሦስተኛ ምስር። ዶሮው ከወደቀ ድምፅህ ወደ ሽሮ ይሄዳል» አለችኝ። ገባኝ። ሁለቱን ሞልቼ፣ ሦስተኛውን ባዶ ትቼ ፖስታውን ላሽግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ምስሩስ?»