በቆየች የስፖርት መኪና ሥር ያለን ዝገት መጠገን

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ አካባቢ ከአስፋልት ወጣ ያለ መንገድ የሚረግጥ መኪና ክረምት ላይ ጥቁሩን ጭቃ ተሸክሞ ይገባል። ጭቃው ከፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ካለው የጭቃ መከላከያ) ውስጥና ከበር ሥር ባለው የሳጥን ላሜራ መጋጠሚያ ላይ ተጠቅጥቆ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ላሜራውን እንደረጠበ ያቆየዋል። ከ1966 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተመረተችውን ፊያት 124 ስፓይደርን የመሰለች የስፖርት መኪና የባሕር ጨው በሌለበት በእኛ አገር እንኳ ከሥሯ የምትበላው በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ ጋራዦች የሚሰጠው መፍትሔ ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) መቀባት ነው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዝገት ላይ የተቀባ ካትራሜ እርጥበቱን ከላሜራው ጋር አፍኖ ስለሚይዘው፣ ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ይበሰብሳል።

ሥራውን በበጋ ይጀምሩ። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ሲሚንቶ ወለል ላይ በቆሙ ጠንካራ ካቫሌቶዎች (የብረት መደገፊያ እግሮች) ላይ ያሳርፏት፤ ባዶ አፈር ላይ ካቫሌቶ ይሰምጣልና አይሞከርም። ባትሪውን፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) እና የነዳጅ ቧንቧዎቹን ይፍቱ፤ ወንበሩንና ምንጣፉንም ያውጡ። ከዚያ ላሜራውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ድፍን ድምፅ ያሰማል፣ በካቻቢቴ ሲወጉትም ይበሳል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መቁረጡ ነው። ይህች መኪና የተለየ ሻንሲ (አካሏን ከሥር የሚሸከም የብረት ፍሬም) የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከሙት ወለሉና ከበር ሥር ያለው ሳጥን ራሳቸው ናቸው፤ የብረት ጣሪያም ስለሌላት ሳጥኑ ሲቆረጥ ወገቧ ሊጎብጥና በሩ አልዘጋ ሊል ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው የበሩን ክፍተት ከፊት እስከ ኋላ በብረት ቱቦ በጊዜያዊነት በይደው ያስሩ፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ካልበየዱ ሌላውን አይንኩ። የተበላውን ቆርጠው ሲያወጡ ንጹሕ ብረት እስኪያገኙ ድረስ ይሂዱ፤ ዝገት የነካው ጠርዝ ብየዳ አይይዝም።

ለወለሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይበቃል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ ስለተቀባ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በኤሌክትሮድ መበየድ ስስ ላሜራን ይበሳል፤ የኦክሲጂን ብየዳ ደግሞ በሙቀቱ ያጣምመዋል። በሽቦና በጋዝ የሚሠራ የብየዳ ማሽን ያለው ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ሠሪ) ቢገኝ ይመረጣል። እሱም በአንድ ጉዞ ሳይጨርስ፣ አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ ይሥራው። ውሃና አሸዋ አጠገብ ይኑር።

ብየዳው ሲያልቅ ግራይንደር ያስኪዱ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ብረት በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ማጥፊያ ይቀቡት። ሲደርቅ ኢፖክሲ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ያልብሱት፤ መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ይድፈኑ፤ ከጎማ የሚፈናጠር ድንጋይ የሚከላከለውን ቅብ ከዚያ በኋላ ይቀቡ። የሳጥኑን ውስጥ በቀዳዳው በኩል ፈሳሽ ሰም ይርጩበት፤ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ግን በሽቦ እየከፈቱ ያረጋግጡ። እነሱ ከተዘጉ ክረምት ሲመጣ ያው ጭቃና ያው ውሃ አዲሱን ላሜራ ይበሉታል።